ያላነበብኳት ብጣሽ ወረቀት

ባለፈው ነሐሴ፣ ትምህርት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሞላሌ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ ነበር። በሩን አልፌ ገና ሁለት እርምጃ ሳልራመድ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። ከአዲሶቹ መምህራን አንዱ ያረጀውን ጥቁር ሰሌዳ ግቢው ውስጥ አጋድሞ፣ ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ወቅጦ፣ በቅጠል ጭማቂ እየለወሰ በቁራጭ ጨርቅ ይቀባዋል። «ቀለሙ እስኪመጣ ብዬ ነው፣ እትዬ» አለኝ እንደ ማፈር ብሎ። እኔ ግን ጃንጥላዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ፣ የተጨመቀ እርጥብ ቅጠልና ብረት ብረት የሚል የጥቁር ዱቄት ሽታ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ወደነበረች አንዲት ክፍል፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ እዚያች ክፍል ውስጥ ተሸክሜው ወደነበረው ምሥጢር መልሶ ወሰደኝ።

ከሞላሌ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር የተወለድኩ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ በደብራችን ቅጥር ሥር ፊደል የሚያስቆጥሩ፣ ዳዊት የሚያስደግሙ፣ አገሩ ሁሉ የኔታ የሚላቸው ሰው ነበሩ። ቤታችንን ከተማሪዎቹ ጎጆዎች የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ስለነበር፣ ገና በአራት እግሬ ከምድህበት ጊዜ ጀምሮ ጆሮዬ ንባብና ዜማ ሲጠጣ ነው ያደገው። አንድ ጊዜ የሰማሁት ነገር አይጠፋኝም። እናቴ ገብስ ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ውዳሴ ማርያምን ከሰኞ እስከ እሑድ እወርድላት ነበር፤ ምን እያልኩ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅ፣ እሷም አታውቅ። ከካቡ ወዲያ አንዱ ተማሪ ሲስት እኔ ከካቡ ወዲህ ጮክ ብዬ ሳርመው፣ አባቴ ጢማቸውን የሚዳብሱ መስለው ሳቃቸውን በመዳፋቸው ይሸፍኑት ነበር።

ሴት ልጅን ከካቡ ወዲያ አስቀምጦ ፊደል ማስቆጠር በዚያ ዘመን በመንደራችን አልተለመደም። ስለዚህ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ኮረብታው ላይ ወደተሠራው የመንግሥት ትምህርት ቤት ላኩኝ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በረዶ ሲጥል መምህሩ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ እናያለን እንጂ ድምፁን አንሰማም። የምንቀመጠው በጭቃ በተለሰነ የድንጋይ መደብ ላይ ሲሆን፣ አመዳይ ባደረበት ጠዋት ቅዝቃዜው ከመደቡ እስከ ጥርሳችን ይደርስ ስለነበር፣ ሦስት አራት ሆነን አንድ ባና ከላያችን ጣል አድርገን እንደ ጫጩት እንታቀፍ ነበር።

ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩን መምህር ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፉ አልናገራቸውም። ሰማንያ ልጅ ይዘው ምን ያድርጉ? ትምህርቱን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኛ እንከተላለን፤ እሳቸው ይደግሙታል፣ እኛ እንደግማለን። «ገባችሁ?» ሲሉ «አዎ!» ብለን ቆርቆሮውን እናንቀጠቅጠዋለን። ለፈተና የሚበቃ ወረቀት ስላልነበረ ጥያቄውንም ምርጫውንም በቃል ያነቡልናል፤ እኛ ደብተራችን ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልን እንጽፋለን። እኔ ከእነዚያ ከአራቱ ፊደላት ጋር ጥሩ ትውውቅ ነበረን። ከሰሌዳ ገልብጪ ስባልም የሚያህለኝ አልነበረም፤ ጽሕፈቴ የሚያምረው ስለምስለው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንደኛ ወጣሁ።

ማንበብ ግን አልችልም ነበር።

ይህን ዛሬ ስጽፈው ይቀለኛል፤ ያኔ ግን ለራሴም ለመንገር ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። መጀመሪያ ላይማ ጉድለት መሆኑንም አላወቅኩም። ማንበብ ማለት ገጹን እያዩ የሰሙትን መልሶ ማለት ይመስለኝ ነበር፤ ይህን ደግሞ ከእኔ የሚበልጥ አልነበረም። ሁለተኛ ክፍል አጋማሽ ላይ፣ ከጎኔ የምትቀመጠው አልማዝ፣ ከሞላሌ ያመጡላትን መጽሐፍ ከፈተችና ማንም ያላነበበላትን ተረት ጣቷን እያስከተለች እያነበበች ብቻዋን ስትስቅ አየሁ። ያን ጊዜ የእኔ ማንበብ ማንበብ እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ተደብቄ ኖርኩ ማለት ይቻላል።

አራተኛ ክፍል ስገባ መደበቁ ባሰብኝ። የመንደራችን ትምህርት ቤት በአራተኛ ክፍል ያበቃ ነበርና፣ ያለፈ ልጅ መሐል ሜዳ ከተማ ዘመድ ካለው ይሄዳል፣ ከሌለው ቤቱ ይቀራል። እኔ መሐል ሜዳ አክስት አለችኝ። አባቴም ከሕዝበ ክርስቲያኑ ፊት፣ ከቅዳሴ መልስ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ «አስካለን ለአምስተኛ ክፍል እልካታለሁ፤ አንደኛ የምትወጣ ልጅ እቤት አላስቀምጥም» ብለው ተናግረዋል። ምሥጢሬ ከወጣ መሐል ሜዳ መቅረቱ ብቻ አልነበረም የሚያስፈራኝ፤ ወደ አንደኛ ክፍል ወርጄ ከታናሽ ወንድሜ ጎን፣ በአንድ ባና ሥር፣ ሀሁ ስል ይታየኝ ነበር።

እትዬ አስቴር የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ከደብረ ብርሃን በኩል ተመድበው፣ አንድ የጨርቅ ሻንጣና ነጭ የሸራ ጫማ ይዘው በበቅሎ መጡ፤ ጫማው ነጭ ሆኖ የቆየው እስከ ማግስቱ ብቻ ነው። ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት ቢሆን ነው፤ አሁን ሳስበው ከበኩር ልጄ ያንሳሉ። እንዲያም ሆኖ እሳቸውን «እሷ» ለማለት ዛሬም አፌ አይታዘዝልኝም።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ውሃ አስተማሩንና «ገባችሁ?» አሉ። እኛም እንደ ልማዳችን ቆርቆሮውን አንቀጠቀጥነው። እትዬ አስቴር እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሳቁብን። «ሁላችሁም? አንድ እንኳ ያልገባው የለም? እንግዲያውስ እኔ ከእናንተ ልማር ነው የመጣሁት!» ካሉ በኋላ ዓይናችንን እንድንጨፍን አዘዙን፤ የገባው መዳፉን ይክፈት፣ ያልገባው ይጨብጥ። ምን እንዳዩ አልነገሩንም። ግን ጠመኔያቸውን አነሱና ትምህርቱን ከመጀመሪያው ጀመሩት። በማግስቱ ደግሞ ጥንድ ጥንድ አድርገው፣ አንዳችን ለአንዳችን «በራሳችሁ አፍ አስረዱ፣ የመጽሐፉን ቃል እንዳልሰማ!» አሉን፤ እሳቸው በመደቦቹ መካከል ጎንበስ እያሉ ያዳምጣሉ። እኔ ለአልማዝ የመጽሐፉን ገጽ ከነነጠላ ሰረዙ ስወርድላት ጀርባዬ ላይ ቆመው ብዙ እንዳዳመጡኝ አስታውሳለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ብጣሽ ወረቀት ጀመሩ። ካለቀ ደብተር ጣት የምታህል እየቀደዱ፣ በእያንዳንዷ ላይ ጥያቄ ጽፈው፣ ትምህርቱ ሊያበቃ ሲል ለየአንዳንዳችን ያድላሉ። አንብበን፣ መልሱን ከጀርባው ጽፈን፣ ስንወጣ በር ላይ እንሰጣቸዋለን። «ነጥብ የለውም» አሉን፤ «በዚህ የምፈተነው እኔ ነኝ። ያላወቃችሁት እኔ ያላስተማርኩት ነው»። እንዲህ የሚል መምህር አይተንም ሰምተንም ስለማናውቅ ማንም አላመናቸውም፤ እኔማ ከሁሉ በላይ።

የመጀመሪያዋን ብጣሽ በላኋት። እውነቴን ነው፤ ምን እንደማደርጋት ጠፍቶኝ ወደ አፌ ከተትኳት፣ አኘክኋት፣ ዋጥኳት። ለእትዬ አስቴር ጠፋችብኝ አልኳቸው። በሁለተኛው ቀን ጥርሴን አመመኝ አልኩ። በሦስተኛው ቀን «የእትዬ ጽሕፈት አይታየኝም» ብዬ አልማዝን አስነበብኳት፤ አራተኛውንም አምስተኛውንም እንዲሁ። አልማዝ የዋህ ስለነበረች ዓይኔን ያመመኝ መስሏት ለእናቷ ነግራ ጠበል በጠርሙስ ይዛልኝ መጣች። እኔም ዓይኔን ታጠብኩበት። ምግብ አልበላ አለኝ፣ ከሳሁ።

አንድ ኀሙስ እትዬ አስቴር ብጣሹን አደሉና «ዛሬ መልስ አትጽፉም። ወረቀቷ የምትላችሁን ታደርጋላችሁ። ለጎረቤት ማሳየት የለም» አሉ። ሁላችንም ወረቀቱ ላይ አቀረቀርን። ከዚያ አንዱ ልጅ ተነሥቶ በሩን ከፈተ። ሌላው ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ከኋላ ያለችው ነጠላዋን አወለቀችና መልሳ ለበሰች። አልማዝ እየሳቀች ሄዳ ከጠረጴዛው ላይ ጠመኔ አነሣች፤ ክፍሉም በሳቅ ሞላ። እኔ ወረቀቴን አየኋት። ገለበጥኳት፤ መልሼ አየኋት። ዙሪያዬን ስቃኝ ያጨበጨቡት በርክተዋል፤ ስለዚህ ተነሣሁና ቀጥ ብዬ ቆሜ ሦስት ጊዜ አጨበጨብኩ። ልጆቹ እየሳቁ የየራሳቸውን ያደርጋሉ። እትዬ አስቴር ብቻ በዝግታ «ተቀመጪ፣ አስካለ» አሉኝ። እንዳመለጥኩ ተሰምቶኝ ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ልጆቹ ሲወጡ «አንቺ ቆዪ፤ ሰሌዳውን መቀባት ታግዢኛለሽ» አሉኝ። ያለቀ ባትሪ ሰብረን ድንጋዩን አወጣን፤ እኔ በጠፍጣፋ ድንጋይ ወቀጥኩ፣ እሳቸው ቅጠሉን ጨመቁ። ክርናችን ድረስ ጠቁረን ሰሌዳውን ከግራና ከቀኝ እየቀባን ሳለን፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

«ብጣሽሽ ምን ትላለች?»

«አጨብጭቢ።»

«አንብቢልኝ እስቲ።»

ከደብተሬ ውስጥ አወጣኋት። የጠቆረ ጣቴ አሻራውን አሳረፈባት። «ተነሥተሽ... ሦስት ጊዜ... አጨብጭቢ» አልኩ፣ ዓይኔን ከወረቀቷ ሳልነቅል።

«አስካለ፣» አሉኝ ጨርቁን አስቀምጠው፣ «የምትለው ‹አትነሺ፤ ዝም ብለሽ ተቀመጪ› ነው።»

አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ፣ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ እንባ እንዴት እንደሚወርድ ለመናገር ቃል የለኝም። እትዬ አስቴር በጠቆረ እጃቸው አቀፉኝ፤ ዩኒፎርሜ ላይ የጣታቸው ምልክት እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልለቀቀም። «ማን ያውቃል?» አሉኝ። «ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ፣ ማንም» አልኳቸው። «ብቻሽን ነው የተሸከምሽው? ሁለት ዓመት?» አሉ። ከዚያ፣ «እኔም ሁለት ወር ሙሉ ጎበዝ ናት እያልኩ አለፍኩሽ» አሉ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። እኔ የጠበቅኩት ቁጣ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ጥፋቱን ከእኔ ጋር የሚካፈል ሰው ነው። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ እፎይታ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አልደገመኝም። ልጅ ስወልድ አንዴ፣ ምናልባት።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ አስቴር ቤታችን መጡ። እኔ ጓዳ በር ላይ እናቴ ቀሚስ ሥር ተሸጉጬ አዳምጣለሁ። አባቴ እትዬ አስቴርን እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። ከዚያ ተነሥተው ከግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ አወረዱ፣ ከጣሪያው ክዳን አንድ ስንጥር መዘዙና «ነይ» አሉኝ።

ከመሃል አንዷን ፊደል በስንጥሩ ነኩ። «ይህች ማን ናት?»

ከሀ ጀምሬ በልቤ እያዜምኩ ወረድኩ፤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አዩት።

«በዜማ አትውረጂ። እሷን ብቻ ንገሪኝ።»

ዝም አልኩ። ሌላ ነኩ። ዝም አልኩ። ሦስተኛዋን ሳይነኩ ስንጥሩን አስቀመጡት። 

«መምህር፣» አሉ ወደ እትዬ አስቴር ዞረው፣ «ከካቡ ወዲያ ያለ ልጅ ሀሁን በዜማ ሲወርድልኝ አወቀ አልለውም። ለዚህ ነው አቡጊዳ ያለን፤ ፊደሉን አዘበራርቀን የምናስቆጥረው። ድምፁን ይዞ ይሁን ፊደሉን አውቆ በዚያ ይለያል። አንድም ልጅ አቡጊዳን ሳይቆጥር አላሳልፍም። የገዛ ልጄን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠርቼ አልጠየቅኳት። አንደኛ ወጣች ሲሉኝ በእሱ ኮርቼ ተቀመጥኩ።» ድምፃቸው ወደ መጨረሻው ሰለለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የእኔም ነው፣ የኔታ» አሉ እትዬ አስቴር።

እናቴ በዚህ መሀል ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሰቀሰቅ ጀመር። ያለቀሰች መስሎን ሁላችንም ዞር ስንል ሳቅ ነው። «እኔ እኮ አንዳች የሆድ በሽታ ይዟት መስሎኝ ነገ ጠበል ይዣት ልወጣ ስንቅ አሰናድቻለሁ! ፊደል ነው? ፊደል ብቻ ነው? ተመስገን!» አለች። አባቴም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ስንቁን፣ ቆሎና ዳቦ ነበር፣ እዚያው ተቀምጠን ከእንግዳችን ጋር በላነው። ከሳምንታት በኋላ የምግብ ጣዕም የተመለሰልኝ በዚያ ቀን ነው።

«ታዲያ ወደ አንደኛ ትውረድ?» ብለው ጠየቁ አባቴ በመጨረሻ። እትዬ አስቴር ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ከክፍሏ አላወጣትም። እርስዎ ጠዋት ጠዋት አቡጊዳ ያስቆጥሯት። እኔ በየቀኑ አንዳንድ ብጣሽ እሰጣታለሁ፤ የደረሰችበትን በእሷ እናውቃለን።»

እንዲህም ሆነ። በመንደራችን ከካቡ ወዲያ የተቀመጥኩ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እኔ ነኝ፤ ዳዊት ከሚደግሙት ራቅ ብዬ፣ አባቴ ጋቢ ጫፍ ሥር፣ ጎህ ሲቀድ እጄን በትንፋሼ እያሞቅኩ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እቆጥራለሁ። አንዳንድ ሽማግሌዎች አጉረመረሙ፤ አባቴ አልሰማም አሏቸው። ብጣሾቹም እንደ እኔ አቅም አደጉ፤ መጀመሪያ አንድ ፊደል፣ ከዚያ አንድ ቃል። ባልገባኝ ጊዜ «አልገባኝም» ማለት ቀለለኝ፤ እኔ ስለው አልማዝም አለችው፣ ከኋላ ያሉት ወንዶችም አሉት። ከዚያ በኋላ «ገባችሁ?» ስንባል ቆርቆሮው አይንቀጠቀጥም፤ ግማሹ «አዎ»፣ ግማሹ «ገና» ይላል፣ እትዬ አስቴርም ደስ ብሏቸው እንደገና ይጀምራሉ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ብጣሼን ተቀብዬ፣ እንደ ልማዴ ፊደል በፊደል ልቆጥራት ስል፣ ሳልቆጥራት ገባችኝ። «እናትሽ ዛሬ ምን ሠሩ?» ትላለች። ማንም አስቀድሞ ያላነበበልኝ፣ ከእኔ ሌላ መልሱን የሚያውቅ የሌለ ጥያቄ ነበር። ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከጀርባው «ሺሮ» ብዬ ጻፍኩና ሮጬ ሰጠኋቸው። እትዬ አስቴር አነበቡት፤ አጣጥፈው ከሹራባቸው ኪስ ከተቱት እንጂ እንደ ሌሎቹ ከጠረጴዛው ላይ አላኖሩትም።

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና በወረቀት ነበር፤ ራሳችን አንብበን መለስን። ካርድ የተሰጠን ዕለት ቤቴ እስክደርስ ደጋግሜ አነበብኩት። አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ስንተኛ ይላል?»

«አሥራ ሰባተኛ።»

«ማን አነበበልሽ?»

«እኔ።»

ቆባቸውን አወለቁና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ያገኙትን ሰው ሁሉ «ልጄ አሥራ ሰባተኛ ወጣች!» እያሉ አስጨነቁት፤ ሰውም እንኳን ደስ አለዎት ይበል ወይስ ያጽናዎት ግራ እየገባው «ይበል፣ ይበል» እያለ ያልፍ ነበር። ዝውውር ደርሷቸው እትዬ አስቴር የሄዱት በዚያው ክረምት፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ነው። ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ጠዋት በበቅሎ ወጡ ሲባል የሰማሁት ከሄዱ በሦስተኛው ቀን ነበር። መምህር ከሆንኩ ጀምሮ በየስብሰባው፣ በየሥልጠናው፣ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጠይቄ አላገኘሁም።

መስከረም ላይ አባቴ በቅሎ ላይ አስቀምጠው፣ እሳቸው በእግራቸው እየቀደሙ፣ መሐል ሜዳ ወሰዱኝ። መንገዱ ዳር ያለው ገብስ ገና አረንጓዴ ነበር። ከተማው ውስጥ ስንገባ ግን ገብሱንም በቅሎይቱንም ረሳሁ፤ በየበሩ ላይ ጽሑፍ አለ! «ሻይ አለ»፣ «ልብስ ስፌት»፣ «ጎማ እንጠግናለን»። ዓይኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። አክስቴ ደጃፍ ደርሰን ከበቅሎ ካወረዱኝ በኋላ አባቴ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ግዕዝም አማርኛም ያለበት። እኔ ግን በትከሻቸው ላይ አሻግሬ ከፊት ለፊት ያለውን ሱቅ በር አነብባለሁ።

«ሰማሽኝ?» አሉኝ ሲጨርሱ።

ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። «አልሰማሁም፣ አባዬ። እያነበብኩ ነበር። ይድገሙልኝ።»

አባቴ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ዞሮ እስኪያይ ድረስ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን መልሰው ራሴ ላይ አኖሩ፣ ምርቃቱንም ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ አንድ ቃል ሳይጥሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ለእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር «አሜን» እስክል እየጠበቁ።

ዛሬ ከዚያ ምርቃት በልቤ የቀረው መጀመሪያውና ጥቂት የመሃል ቃላት ብቻ ናቸው። ሌላው ከእሳቸው ጋር ሄዷል፤ ይድገሙልኝ የምላቸው የሉም። የእጃቸው ክብደት ግን አልጠፋኝም፤ ያን ቀን የመለስኩላቸው ቃል ደግሞ እውነት እንደነበር ሳስበው፣ ልቤ እፎይ ይላል።